ሯጩ፣ ተሸካሚውና ጉንፋኑ

ጅቡቲ ከተማ መሀል ያለው አደባባይ በመንግሥት መዝገብ የሚጠራው አገሪቱ ከፈረንሳይ ነፃ በወጣችበት ቀን፣ በጁን 27 ቀን 1977 ነው። ሰው ግን ሜኔሊክ አደባባይ ማለቱን አልተወም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍና ካምሲን የሚባለው አቧራ ተሸካሚ ነፋስ ሲነሳ በጠራራ ፀሐይ ለስፖርት ብሎ የሚሮጥ ሰው አይገኝም። የሚሮጠውም የሚራመደውም ጎህ ሲቀድ ወይም ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው።

እንዲህ ሮጦ የተመለሰ ሰው ካፌ በረንዳ ላይ ላቡን ሲጠርግ መካሪ አያጣም። አንዱ ስፖርተኛን በሽታ አይደፍረውም ይለዋል። ሌላው ላብህ ሳይደርቅ ነፋስ ካገኘህ ብርድ ይመታሃል፣ ፎጣህን አንገትህ ላይ ጣል ይለዋል። ሦስተኛው ደግሞ ሯጮች ራሳቸው ከጉንፋን መች ተለይተው ያውቃሉ ብሎ ይሞግታል። ሦስቱም አባባሎች ባለፉት አንድ መቶ ዓመታት ሳይንስ ፈትኗቸዋል። ከሦስቱ አንዳቸውም ንጹሕ ውሸት ሆኖ አልተገኘም፤ ሙሉ በሙሉ የረታም የለም።

ከሦስተኛው ልጀምር፤ ለዚህ አካባቢ የሚቀርበው እሱ ነው። ኤፕሪል 17 ቀን 1988 ሮተርዳም ላይ ኢትዮጵያዊው በላይነህ ዴንሳሞ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ 17 ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ የገባው የጅቡቲው አህመድ ሳላህ ነበር። ሳላህ ከሦስት ዓመት በፊት ሂሮሺማ ላይ የዓለም ዋንጫ ማራቶንን አሸንፎ ነበር፤ ጅቡቲም በቡድን አንደኛ የወጣችው በዚያው ቀን ነው። ከሮተርዳም በኋላ በዚያው ዓመት ሴኡል ላይ ያመጣው ነሐስ ደግሞ እስካሁን የአገሪቱ ብቸኛ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ሆኖ ቆይቷል። የሚገርመው፣ ሁለቱ ጎረቤታሞች በዓለም ጫፍ ላይ በሚሮጡባቸው በእነዚያው ዓመታት የስፖርት ሳይንስ እንደ እነሱ ያለውን ሰው በስጋት ነበር የሚያየው።

ስጋቱን የጀመሩት ደቡብ አፍሪካውያን ናቸው። ኢዲት ፒተርስና ኤሪክ ቤትማን በ1982 ኬፕታውን ውስጥ በሚካሄደው የ56 ኪሎ ሜትር ሩጫ ላይ የተሳተፉ 150 ሰዎችን ጠየቁ። ከሩጫው በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ከሯጮቹ 33 በመቶው የጉንፋንና የጉሮሮ ሕመም ስሜት ነበራቸው፤ ከማይሮጡት የቤት ጓደኞቻቸው መካከል ግን 15 በመቶው ብቻ። ቀጥሎ አሜሪካዊው ዴቪድ ኒማን የ1987ቱን የሎስ አንጀለስ ማራቶን ያዘ። ከ2,300 በላይ ሯጮች መጠይቅ ሞሉ። ከሮጡት ውስጥ 12.9 በመቶ በሳምንቱ ታመምን አሉ። እኩል ተለማምደው በሌላ ምክንያት ውድድሩን ሳይሮጡ ከቀሩት መካከል ግን 2.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚህ በመነሳት ኒማን ዝነኛውን ንድፉን ሳለ፤ ምንም የማይንቀሳቀስ ሰው መካከለኛ አደጋ ላይ ነው፣ በመጠኑ የሚንቀሳቀስ ከሁሉም ያነሰ አደጋ ላይ፣ ከልክ በላይ የሚሮጥ ደግሞ ከሁሉም የባሰ። የዴንማርኳ ሐኪም ቤንተ ክላርሉንድ ፔደርሰን ይህንኑ ሐሳብ አዳበረችው፤ ከከባድ ሩጫ በኋላ ለሰዓታት፣ ምናልባትም ለሦስት ቀን፣ ለተሕዋስያን መስኮት ተከፍቶ ይቆያል የሚል ማብራሪያ ሆነ።

ማብራሪያው የቆመው በደም ላይ በሚታይ ነገር ላይ ስለነበር አሳማኝ ነበር። ቦስተን ላይ ራልፍ ላራቢ የሚባል ሐኪም በ1902 ባሳተመው ጽሑፍ ማራቶን የጨረሱ ሰዎች ነጭ የደም ሕዋሳት ቁጥር እንደ በሽተኛ ሰው ከፍ ብሎ እንደተገኘ ዘግቦ ነበር። በኋላ የመጡት መሣሪያዎች ዝርዝሩን አሳዩ። ሰው መሮጥ ሲጀምር አድሬናሊን ይፈስሳል፣ የደሙም ግፊት ይጨምራል፤ በደም ሥር ግድግዳ፣ በሳንባና በጣፊያ ተጣብቀው የነበሩ ሕዋሳት ወደ ደም ይወረወራሉ። በተለይ በቫይረስ የተበከለን ሕዋስ የሚገድሉት በብዙ እጥፍ ይበዛሉ። ሩጫው አብቅቶ አንድ ሁለት ሰዓት ሲያልፍ ግን ቁጥራቸው ከመጀመሪያውም በታች ይወርዳል፤ ወደ ቦታው የሚመለሰው እስከ ማግስቱ ድረስ ባለው ጊዜ ነው። የተከፈተው መስኮት ማለት ይህ መውረድ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠው። ከጣቢያው የወጣ ፖሊስ ሥራውን ለቋል ማለት አይደለም፤ ሠፈር እየዞረ ሊሆን ይችላል። ጀርመን ውስጥ ተመራማሪዎች የአይጦችን የመከላከያ ሕዋሳት ምልክት አድርገው ሲከታተሏቸው፣ ከሩጫ በኋላ ከደም የጠፉት ወደ ሳንባ፣ ወደ አንጀት ግድግዳና ወደ መቅኒ ሄደው ተገኙ። ጠላት የሚገባው ደግሞ በሳንባና በአንጀት ነው። ደም ብቻ የሚቀዳ ተመራማሪ ባዶ ጣቢያ አየ፤ ድካም ብሎ መዘገበው። የባዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ጆን ካምቤልና ጄምስ ተርነር በ2018 ይህንን ሁሉ ሰብስበው ከስፖርት በኋላ መከላከያ ይዳከማል የሚለው አባባል ተረት ነው እስከማለት ደረሱ። ሌሎች ባለሙያዎች እንዲህ በአንድ ምት አይጣልም ብለው ተከራከሯቸው፤ በ2020 የወጣው የሁለቱ ወገን ሙግት ለማንበብ ደስ የሚል ነው፤ ሳይንቲስቶች በጨዋነት ሲሰዳደቡ ማየት ብዙ ጊዜ አይገኝም። በእኔ ግምት የካምቤልና የተርነር ወገን ስለ ደሙ ትርጉም ረትቷል። የቀረው ጥያቄ ሯጮቹ ለምን ታመምን አሉ የሚለው ነው።

መልሱን ከሞላ ጎደል አውስትራሊያውያን ሰጥተውታል። ሉክ ስፔንስና ባልደረቦቹ ስፖርተኞችን ለወራት ተከታትለው ጉንፋን ያዘኝ ባሉ ቁጥር ከአፍንጫና ከጉሮሮ ናሙና ወሰዱ። ከ37 የሕመም ጊዜያት ተሕዋስ የተገኘው በ11ዱ ብቻ ነው። በቀሩት ጉሮሮ የሚያሳክከው፣ አፍንጫ የሚያፈሰው ተላላፊ በሽታ አልነበረም ማለት ነው። በደቂቃ ከመቶ ሊትር በላይ ደረቅ አየር በአፉ የሚስብ ሰው የመተንፈሻ ቱቦው ይደርቃል፣ ይቆጣል፤ አስም ወይም አለርጂ ካለበት ደግሞ የባሰ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2008 የቤጂንግን ማራቶን የተወው ቫይረስ ፈርቶ አልነበረም፤ አስም ስላለበት የከተማዋን የተበከለ አየር ፈርቶ ነው፤ በምትኩ 10,000 ሜትር ሮጠ። የካምሲን አቧራ በሚነሳበት ከተማ ምሽት ላይ ሮጦ ጉሮሮው የሚከረክረው ሰውም መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው አቧራውን ነው።

የ2000ው የስቶክሆልም ማራቶን ጥናትም ነገሩን ያረግበዋል። ከሩጫው በፊትና በኋላ በነበሩት ሳምንታት የታመሙት ሰዎች ቁጥር የጎላ ልዩነት አልነበረውም፤ ከሩጫው በኋላ በብዛት የታመሙት ከሩጫው በፊትም ታመው የነበሩት ናቸው። የኖርዌይ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ደግሞ የአውሮፕላን ጉዞ የመታመም ዕድላቸውን አምስት እጥፍ ገደማ እንደሚያሳድገው አገኘ። ስታዲየም፣ አውቶቡስ፣ አንድ ክፍል ውስጥ መተኛት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የውድድር ጭንቀት፣ ሁሉም ከሩጫው ጋር አብረው ይመጣሉ። ጥፋቱን ግን የሚሸከመው ሩጫው ነው።

ሁለተኛው ምክር፣ የብርዱ፣ ከሁሉም የሚያስቸግር ነው። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ብርድ መታኝ ማለት ምርመራም ምክንያትም ነው፤ ምች ካልሆነ ብርድ ነው፣ መድኃኒቱም ዳማከሴ ወይ ሙቅ። ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ሳቁበት፤ በአሜሪካ ቴክሳስ በ1960ዎቹ በእስረኞች ላይ በተደረገ ሙከራ ቅዝቃዜ የጉንፋን ቫይረስ የመያዝን ዕድል አልጨመረም ነበርና። ከዚያ በ2005 ካርዲፍ ውስጥ ሮናልድ ኤክልስና ክሌር ጆንሰን 90 ሰዎችን እግራቸውን ለ20 ደቂቃ በቀዝቃዛ ውሃ አስነከሩ፤ ሌሎች 90 ባዶ ሣህን ውስጥ እግራቸውን አስቀመጡ። በቀጣዮቹ አራት አምስት ቀናት ከበረዳቸው 13፣ ካልበረዳቸው 5 ሰዎች ጉንፋን ያዘን አሉ። በ2015 ደግሞ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጉንፋን ቫይረስ በ33 ዲግሪ፣ በቀዘቀዘ የአፍንጫ ሙቀት ልክ፣ ከ37 ዲግሪ ይልቅ እንደሚራባ በአይጥ የመተንፈሻ ሕዋሳት ላይ አሳዩ። እናቶቻችን ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ብርድ ቫይረስ አይወልድም፣ አፍንጫ ውስጥ ቀድሞ የገባውን ግን ሊያነቃው ይችላል። ጅቡቲ ውስጥ ብርድ የሚገኘው ከኤር ኮንዲሽነር ነው። በላብ ተነክሮ ከ35 ዲግሪ ወጥቶ 18 ዲግሪ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ፎጣ ቢይዝ ጥፋት የለበትም።

የመጀመሪያው ምክር፣ ስፖርተኛን በሽታ አይደፍረውም የሚለው፣ በማስረጃ ብዛት የተሻለ ነው፤ በማስረጃ ጥራት ግን ይለያያል። ኒማን በ1,002 አዋቂዎች ላይ በመከርና በክረምት ለ12 ሳምንት ባደረገው ክትትል፣ በሳምንት አምስት ቀንና ከዚያ በላይ የሚንቀሳቀሱት በጉንፋን የታመሙባቸው ቀናት ብዙም ከማይንቀሳቀሱት በ43 በመቶ ያነሱ ነበሩ። በ2021 የታተመው የሴባስቲያን ቻስቲን ጥቅል ትንተና ደግሞ አዘውትሮ መንቀሳቀስ በተላላፊ በሽታ የመያዝ ዕድልን በ31 በመቶ፣ በእሱ የመሞትን በ37 በመቶ ከመቀነስ ጋር ተያይዞ ተገኘ። በኮቪድ ወቅት ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ48,000 በላይ ታማሚዎችን የመዘነ ጥናት፣ ፈጽሞ የማይንቀሳቀሱት የሞት ዕድላቸው ዘወትር ከሚንቀሳቀሱት 2.49 እጥፍ ሆኖ አገኘው።

እነዚህ ቁጥሮች ያስደስታሉ፤ ግን ሁሉም ተመልክቶ ከመመዝገብ የመጡ ናቸው። በሳምንት አምስት ቀን የሚራመድ ሰው ጊዜ ያለው፣ የሚበላው ያለው፣ ብዙ ጊዜም የማያጨስ ሰው ነው። ሰዎችን በዕጣ ከፍለው ግማሹን እንዲራመድ ያደረጉ ሙከራዎችን የሰበሰበው የኮክሬን ዳሰሳ፣ በ2020 14 ሙከራዎችና 1,377 ሰዎች ይዞ፣ መንቀሳቀስ የጉንፋንን ቁጥር መቀነሱን ማረጋገጥ አልቻለም፤ ምናልባት ሕመሙን ቀለል ያደርገዋል ብሎ ቆመ። እኔ ሁለቱን ሳነጻጽር የማምነው ወደ ኮክሬኑ ያዘነበለ ነው፤ ስፖርት ጉንፋንን እንደ ክትባት አያግደውም።

ጥቅሙ ያለው ከጉንፋን ይልቅ ቀስ ብሎ በሚሠራው ላይ ነው። አብሮን የሚወለደው ታይመስ የሚባል እጢ፣ አዳዲስ ተከላካይ ሕዋሳትን የሚያሠለጥነው፣ ከጉርምስና ጀምሮ እየሟሟ ይሄዳል፤ አዛውንቶች በበሽታ የሚጠቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በብሪታንያ ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 79 የሆኑ፣ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ብስክሌት የነዱ 125 ሰዎች በ2018 ሲመረመሩ፣ ከታይመሳቸው የሚወጡት አዳዲስ ሕዋሳት ቁጥር ከወጣቶች ጋር ተቀራራቢ ነበር። ሌላው ጡንቻ ነው። ፔደርሰን ያገኘችው ትልቁ ነገር መስኮቱ ሳይሆን ይህ ይመስለኛል፤ የሚሠራ ጡንቻ ራሱ ኢንተርሉኪን 6 የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቅቃል፣ ከማራቶን በኋላ መጠኑ እስከ መቶ እጥፍ ይደርሳል። ብግነትን የሚያስነሳ ይመስላል፤ ከጡንቻ ሲመጣ ግን ብግነትን የሚያበርዱ ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ይጠራል። ሆድ ዙሪያ ያለው ስብ በቀስታ የሚያቀጣጥለው ብግነት በዚህ ይረግባል፤ የስኳር በሽታም አደጋ ይቀንሳል።

ይህ ደግሞ ጅቡቲንና ኢትዮጵያን በቀጥታ ይመለከታል፤ ሁለቱም ሳንባ ነቀርሳ ያልለቀቃቸው አገሮች ናቸው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሳንባ ነቀርሳ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ምሽት ላይ ለአንድ ሰዓት የሚራመድ ጎልማሳ ሳያስበው የነቀርሳን አንዱን በር እየዘጋ ነው፤ ባክቴሪያውን በመግደል ሳይሆን ስኳሩን በማራቅ። ወባ ግን ሌላ ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የእስያ ትንኝ በ2012 በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እዚሁ ጅቡቲ ነው፤ ከተማ ውስጥ በታንከርና በበርሜል ውሃ ትራባለች፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ የወባ ወረርሽኝ አስነስታለች። እሷን የሚያግዳት የተሸፈነ ውሃና አጎበር ነው፤ የሯጭ ጡንቻ አያግዳትም።

አንድ ነገር ግን ሳይንሱ ሳይከራከር ያስቀመጠው አለ፤ ትኩሳት ያለበት ሰው አይሮጥም። ይህ የተማረበት ታሪክ አሳዛኝ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፖሊዮ ዘመን ብሪታንያዊው ሪቺ ራስልና አሜሪካዊቷ ዶሮቲ ሆርስትማን፣ የበሽታው ምልክት በጀመረበት ጊዜ ከባድ ሥራ የሠሩ ወይም የተጫወቱ ሰዎች ሽባነታቸው የከፋ እንደነበር አሳዩ። ቫይረስ የልብ ጡንቻን ሲነካም እንዲሁ ነው። ክትባት ላይ ግን መንቀሳቀስ አይጎዳም። አዮዋ ውስጥ በ2022 የተደረገ ትንሽ ጥናት ከኢንፍሉዌንዛ ወይም ከኮቪድ ክትባት በኋላ 90 ደቂቃ በቀስታ የተንቀሳቀሱ ሰዎች ብዙ ፀረ እንግዳ አካል እንዳመረቱ፣ 45 ደቂቃ ግን ይህን እንዳላመጣ ጽፏል።

እስካሁን የተጠቀሱት ሰዎች፣ የሎስ አንጀለሱም የስቶክሆልሙም የብሪታንያው ባለብስክሌትም፣ አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ ፈልገው የሮጡ ናቸው፣ ሲደክማቸውም የሚያቆሙ። በጅቡቲ ሰውነቱን ከሁሉ አብልጦ የሚያንቀሳቅሰው ግን ኩሊው ነው። የኢትዮጵያ አብዛኛው የገቢ ዕቃ የሚያልፍበት ወደብ ላይ ከረጢት የሚሸከም ሰው በቀን የሚያቃጥለው ኃይል ከባለ ማራቶኑ ልምምድ አያንስም። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሐረርጌና ከጅማ ተነስተው ኦቦክ ላይ ጀልባ ፍለጋ በእግራቸው የሚጓዙ ወጣቶች ደግሞ አሳል ሐይቅ አጠገብ፣ ከባሕር ወለል 155 ሜትር በታች በሆነ ገሞራ መሬት ላይ ያልፋሉ። በስፖርት ሳይንስ ቋንቋ ይህ ሁሉ አካላዊ እንቅስቃሴ ነው።

ተመራማሪው አንድሪያስ ሆልተርማን ይህ ቋንቋ ሁለት ነገር እንደሚያምታታ አሳይቷል። በኮፐንሃገን 104,046 ሰዎችን ለአሥር ዓመት የተከታተለውና በ2021 የታተመው ጥናቱ፣ በትርፍ ጊዜያቸው በጣም የሚንቀሳቀሱት የሞት ዕድላቸው ከማይንቀሳቀሱት 40 በመቶ ያነሰ ሲሆን፣ በሥራቸው እጅግ የሚደክሙት ግን 27 በመቶ የበለጠ ነው ይላል። ጥናቱ ስለ ሞትና ስለ ልብ እንጂ በቀጥታ ስለ ተላላፊ በሽታ አይደለም። የሚያቀርበው ምክንያት ግን ከያዝነው ጉዳይ ጋር አንድ ነው። ስፖርት አጭር ነው፣ ዕረፍት ይከተለዋል፤ ብግነቱ ከፍ ብሎ ይወርዳል። የሸክም ሥራ ስምንትና አሥር ሰዓት ነው፣ በነገታውም ይደገማል፤ ብግነቱ የሚወርድበት ጊዜ አያገኝም።

ሙቀቱ ሲጨመር ደግሞ አንጀት ይገባበታል። ደም ወደ ቆዳና ወደ ጡንቻ ሲሸሽ የአንጀት ግድግዳ ይራባል፣ የባክቴሪያ መርዝ ያሾልካል። በደቡብ አፍሪካው የኮምሬድስ ሩጫ እጅግ ከዛሉ ሯጮች ደም ውስጥ፣ በ1988 በታተመ ጥናት፣ የተገኘው ይህ መርዝ ነው። ኒል ዎልሽና ማርቲን ዊታም በ2006 ያሳተሙት ዳሰሳ ሙቀት ራሱ የሯጭን መከላከያ ብዙ አይጎዳም ብሎ ደምድሟል፤ ነገር ግን ያ ድምዳሜ የመጣው ውሃ ከሚጠጣ፣ ከሚበላ፣ ጥላ ውስጥ ከሚያርፍ ሰው ነው።

እንቅልፍም አለ። አሜሪካ ውስጥ 164 ጤነኛ ሰዎች በ2015 በታተመ ጥናት አፍንጫቸው ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ተጨመረ፤ ከዚያ በፊት ለሳምንት እንቅልፋቸው ተለክቶ ነበር። ከስድስት ሰዓት በታች የተኙት ከሰባት ሰዓት በላይ ከተኙት 4.2 እጥፍ ታመሙ። ስፖርት ከበሽታ ስለመጠበቁ ከጠቀስኳቸው ቁጥሮች አንዱም ከዚህ አይበልጥም። ጅቡቲ ከሰዓት በኋላዋን የምታሳልፈው ከኢትዮጵያ በሚመጣው ጫት ነው፤ የምርቃናው ማብቂያ ሌሊት ነው፣ ሥራ ደግሞ ሙቀቱን ለመሸሽ በማለዳ ይጀምራል። የቢሮ ሠራተኛው እንቅልፉን በቀትር ያካክሳል። ኩሊው የለውም።

ስለ ቫይታሚን ሲ የተጻፈው አንድ ነገር እዚህ ላይ ይገባል። ለተራው ሰው ጉንፋንን አይከላከልም፤ በብዙ ሙከራ ተረጋግጧል። ሆኖም በማራቶን ሯጮች፣ በበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪዎችና በወታደሮች ላይ በተደረጉ አምስት ሙከራዎች፣ በጠቅላላ 598 ሰዎች፣ ጉንፋን የያዛቸውን ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ከልክ በላይ የሚደክም ሰውነት የምግብ ጉድለቱ ቶሎ ይታይበታል ማለት ነው። ከድሬዳዋ በኩል የሚመጣው ሎሚና ብርቱካን ሜኔሊክ አደባባይ ካፌ ውስጥ ለተቀመጠው ሯጭ ጭማቂ ነው። ለወደቡ ሠራተኛ ከጥላ፣ ከውሃና ከሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ጋር በቀጣሪው ወጪ መሰጠት ያለበት ነገር ነው።